ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት፦ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን ለምትፈልግ ተማሪ

ጥያቄ፦ «ሃያ ዓመቴ ነው። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ መጥተን ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ለዜግነት ለማመልከት አንድ ዓመት ይቀረኛል። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ፤ ፖሊሲውም ይስበኛል። አጎቴ ፖለቲካል ሳይንስ ካላጠናሽ አይቀበሉሽም፣ ዜጋ ሳትሆኚም ጠበቃ አትሆኚም ይለኛል። ሌላ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ሄደሽ ሕግ በርካሽ ተማሪ፣ ከዚያ ኒውዮርክ የአንድ ዓመት ማስተርስ ጨምረሽ ትፈተኛለሽ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ በአንዲት ዘመዳችን የትርጉምና የፎርም ቢሮ የአሳይለምና የዜግነት ፎርም እሞላለሁ። ይህ ልምድ ሆኖ ይቆጠርልኛል? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ሌላው ይቆያል፣ ይኼኛው ግን ለፊታችን ቅዳሜ የሚደርስ ነው። በዘመዳችሁ ቢሮ የምትሠሪው ሥራ ልምድ ሆኖ ሊቆጠርልሽ ቀርቶ፣ ነገ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቂ ጣጣ ሊያመጣብሽ ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ ጠበቃ ላልሆነ ሰው የሚፈቅደው ጠባብ ነገር ነው። ባለጉዳዩ የነገረሽን በታተመው ፎርም ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ ትችያለሽ፤ ያውም ክፍያው ለስሙ ያህል ሆኖ፣ አንቺም ሕግ አዋቂ ነኝ ሳትዪ። ከዚያ አልፈሽ «ለአንቺ የሚሻለው ይኼኛው ፎርም ነው»፣ «እዚህ ጋ እንዲህ በይ»፣ «ይኼን ባትጠቅሺው ይሻላል» ካልሽ ጥብቅና ውስጥ ገብተሻል። ያለ ፈቃድ ጥብቅና መሥራት ደግሞ የሚያስቀጣ ነው።

«እኔ ምክር አልሰጥም፣ የምሞላው ፎርም ብቻ ነው» ትዪ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ የሚሆነውን ግን እናውቀዋለን። አንዲት ሴት አሳይለም ልትጠይቅ ትመጣለች። መቼ እንደገባች ትጠይቂያታለሽ፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። «አንድ ዓመት አልፎሻል፣ አይሆንም» ትያታለሽ። ይህቺ አጭር መልስ የሕግ ምክር ናት፤ ምናልባትም የተሳሳተች። የአንድ ዓመቱ ገደብ የመጣው በ1996 በወጣው ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሆኖም አገር ቤት ያለው ሁኔታ ከተለወጠ፣ ወይም ሰውዬዋ በተማሪ ቪዛ ወይም በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ሕጋዊ ሆና ከቆየች፣ በጊዜው ያላመለከተችበት ምክንያት ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ይህን የሚመዝነው ጉዳይዋን አንብቦ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። አንቺ ግን ደንበኛዋን ወደ ቤቷ ሸኝተሻታል፤ እሷም ጉዳዩ ያበቃለት መስሏት ትቀመጣለች።

ከዚህ የሚብሰው ታሪክ መቅዳት ነው። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የተጻፈውን ማመልከቻ ስምና ቀን ለውጦ ለዚህኛው መስጠት በየከተማው እንዳለ የታወቀ ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ ሆን ተብሎ የተፈበረከ አሳይለም አቅርቧል የተባለ ሰው ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም እስከ መጨረሻው ይታገዳል፤ በኋላ አሜሪካዊ ቢያገባ እንኳ በጋብቻው ግሪን ካርድ አያገኝም። ፎርሙ መጨረሻ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ብዙ ቢሮዎች ባዶ ይተዉታል። ባዶ ሆኖ ካየሽው ያን ፎርም አትንኪው። የጥብቅና ፈቃድ (ባር) የሚሰጠው ኮሚቴ የአመልካቹን ጠባይና ታማኝነት ሲመረምር የሠራሽበትን ቦታ ሁሉ ይጠይቅሻል፤ እዚያ ላይ መደበቅ ራሱ ከሥራው የባሰ ጥፋት ነው።

ትርጉም መሥራትሽን ግን ቀጥዪ። የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተርጉመሽ፣ ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ አንቺም ሁለቱን ቋንቋ እንደምትችዪ የሚገልጽ ማረጋገጫ ፈርመሽ መስጠት የሚፈቀድ ንጹህ ሥራ ነው። ለዘመዳችሁም በግልጽ ንገሪያት፦ «ከእንግዲህ ትርጉም ብቻ ነው የምሠራ፣ ፎርም አልመርጥም፣ ታሪክ አልጽፍም።» ቅር ትሰኝ ይሆናል። ትሰኝ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ስለ ትምህርት መስኩ ያሉሽ ስህተት ነው። የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በምን እንደሆነ አይወስኑም። በነርሲንግም፣ በሒሳብም፣ በታሪክም የተመረቀ ይገባል። የሚመዝኑት አማካይ ውጤትሽንና የመግቢያ ፈተናውን፣ ማለትም ከ120 እስከ 180 የሚታረመውን ኤልሳት ነው። ስለዚህ ጥሩ ውጤት የምታመጪበትን፣ ብዙ የሚያስነብብና የሚያስጽፍ መስክ ምረጪ። ፖሊሲው የምር የሚስብሽ ከሆነ ስታቲስቲክስ አትዝለዪ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስለ ዜግነቱ ያሉሽ ደግሞ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በፊት ያለቀለት ነገር ነው። ግሪፊዝስ የተባለች የኔዘርላንድ ዜጋ ዜጋ አይደለሽም ተብላ የኮነቲከት ባር ፈተና እንዳትወስድ ስትከለከል ከሳ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፈርዶላታል፤ ሕጋዊ ነዋሪን ዜጋ ስላልሆነ ብቻ ከጥብቅና ማገድ አይቻልም። ቢሆንም አጎትሽ አንድ ነገር ሸትቷቸዋል። የፌዴራል መንግሥት ሥራ፣ ለምሳሌ የአሳይለም ኦፊሰርነት ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ጠበቃነት፣ በጥቅሉ ዜግነት ይጠይቃል። አንቺ ሕግ ትምህርት ቤት ከመግባትሽ በፊት ዜጋ ትሆኛለሽና ይህ አያሳስብሽም፤ ጊዜሽ ሲደርስ ማመልከቻውን እንዳታዘገዪው ብቻ።

የአዲስ አበባው ምክር ውሸት አይደለም፤ ለአንቺ ግን አይሆንም። ኒውዮርክ በውጭ አገር ሕግ የተማሩ ሰዎች፣ ትምህርታቸው መስፈርቱን ካሟላና የጎደለውን እዚህ በሚወሰድ 24 ክሬዲት ማስተርስ ከሞሉ፣ ለባር ፈተና እንዲቀመጡ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ያለፉ የአገራችን ልጆች አሉ። ግን እነዚህ አገር ቤት ጠበቃ ወይም ዳኛ ሆነው ሠርተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ዲግሪውን በእጃቸው ይዘው ነው የጀመሩት። አንቺ ከዜሮ ብትጀምሪ የኢትዮጵያው የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው፤ ማስተርሱ ሲጨመር ስድስት። እዚህ የጀመርሽውን ዲግሪ ጨርሰሽ የሦስት ዓመቱን ጄዲ (የአሜሪካውን የሕግ ዲግሪ) ብትማሪ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ፈቃዱንም በማንኛውም ግዛት ልትጠይቂበት ትችያለሽ። የኒውዮርኩን በር ብዙ ግዛቶች አይከፍቱትም።

የመከረሽ ሰው ያልነገረሽ ሌላም ነገር አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። ግሪን ካርድ ይዘሽ አምስት ዓመት አዲስ አበባ ከተቀመጥሽ ነዋሪነትሽን ትተሻል ሊሉሽ ይችላሉ። ለዜግነቱ የሚቆጠረው ተከታታይ የነዋሪነት ጊዜም በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ ስትቀሪ ጥያቄ ይነሳበታል፣ ዓመት ስትቀሪ ይቋረጣል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለመሆን ብለሽ የራስሽን ወረቀት ታጪ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሙያው ራሱ። የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረቱ የ1952ቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። በ1965 የዘር ኮታው ተነሳ፣ በ1980 የስደተኞች ሕግ ገባ፣ አንቺን ያመጣሽ ዲቪና ቲፒኤስ ደግሞ ሁለቱም በ1990 የወጡ ናቸው። 1996 ላይ ሕጉ ጠነከረ፤ ዛሬ ባለጉዳይ የሚያለቅስባቸው አብዛኞቹ ክልከላዎች የዚያ ዓመት ፍሬ ናቸው። ሁሉም የፌዴራል ሕግ ስለሆነ በአንድ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሥራውን በኢሚግሬሽን ብቻ ከወሰነ በማንኛውም ግዛት ላሉ ሰዎች ሊቆም ይችላል። የሜሪላንድ ፈቃድ ይዘሽ የሲያትል ወይም የዳላስ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ መያዝ ትችያለሽ።

ሁለት ነገሮች ይህን ሙያ ከሌላው ጥብቅና ይለዩታል። አንደኛው፣ ከአገር የማስወጣት ክስ የቀረበበት ሰው ጠበቃ የማቆም መብት አለው፣ ነገር ግን መንግሥት አይከፍልለትም። በወንጀል ችሎት ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ይመደብለታል፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ልጅ እንኳ ቢሆን ብቻውን ሊቆም ይችላል። በነዚህ ፍርድ ቤቶች የተከማቸው መዝገብ በ2023 መጨረሻ ከሦስት ሚሊዮን አልፎ ነበር። ሥራ ይጠፋል ብለሽ አትስጊ፤ የሚከፍል ደንበኛ ማግኘቱ ነው ሌላ ጣጣ።

ሁለተኛው፣ እነዚህ ፍርድ ቤቶች በስም ፍርድ ቤት ይሁኑ እንጂ ያሉት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ዳኞቹ ሚኒስቴሩን የሚመራው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሠራተኞች ናቸው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም አንድን መዝገብ ወደ ራሱ ስቦ ለመላው አገር የሚያገለግል ውሳኔ መስጠት ይችላል። በባሏ የምትደበደብ ሴት አሳይለም ታገኛለች ወይ የሚለውን ተመልከቺ። በ2018 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሴሽንስ በሩን አጠበቡት፣ በ2021 ጋርላንድ ያንን ሻሩት፣ በ2025 ቦንዲ ደግሞ የሴሽንስን መልሰው አመጡት። ለደንበኛሽ በሰኞ የነገርሽው ሐሙስ ላይ ሊሻር ይችላል፤ ይህን መሸከም የማይችል ሰው የውርስና የንብረት ሕግ ቢማር ይሻለዋል።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ የማቀርብልሽ መንገድ አብዛኛው ወጣት የማያውቀው ነው፦ ጠበቃ ሳይሆኑ በሕጋዊ ፈቃድ መሥራት። የፍትሕ ሚኒስቴር ለትርፍ ያልቆሙና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚያገለግሉ ድርጅቶችን ይመዘግባል፤ በነዚያ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አክሬዲትድ ሪፕረዘንታቲቭ (ፈቃድ ያለው ወኪል) እንዲሆኑ ይፈቅዳል። የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው። በከፊሉ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ በሚያየው መሥሪያ ቤት፣ በዩኤስሲአይኤስ ፊት፣ ማለትም በግሪን ካርድ፣ በዜግነት፣ በቲፒኤስና በአሳይለም ቃለ መጠይቅ ላይ ሰው ትወክያለሽ። ሙሉው ፈቃድ ፍርድ ቤት ድረስ ያስገባል። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ለብቻሽ ልታመለክቺ አትችዪም፤ ድርጅቱ ነው ስለ አንቺ የሚያመለክተው። የኢሚግሬሽን ሕግ ጥሩ መሠረት እንዳለሽም በሥልጠና ማሳየት ያስፈልጋል። ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ከ2020 ጀምሮ ለዚሁ የሚያዘጋጅ የኦንላይን ፕሮግራም አለው፤ ቪስታ ይሉታል። በካቶሊክ የኢሚግሬሽን የሕግ መረብ፣ ክሊኒክ በሚባለው፣ የሚሰጡ ሥልጠናዎችም አሉ። የተመዘገቡትን ድርጅቶች ዝርዝር የፍትሕ ሚኒስቴር በየግዛቱ ከፍሎ በድረ ገጹ ያወጣል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ የሚሉትን ክፍሎች አንብቢና አማርኛ ተናጋሪ የሚያስተናግዱትን ለይተሽ ጻፊላቸው።

ይህን የማጠናክረው በአንድ ምክንያት ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን የሚፈልጉ ልጆች የሚያስቡት ችሎት ፊት ቆሞ መከራከርን ነው። የሥራው ብዛት ግን ሌላ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጦ ቀንና ቦታ ማስተካከል። እንበልና ደንበኛሽ «ታኅሣሥ 2008 ላይ አምቦ ውስጥ በሰልፉ ምክንያት ታሰርኩ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው የወሰዱኝ» ይልሻል። አንድ ቢሮ ይህን ዲሴምበር 2008፣ ማታ ስምንት ሰዓት ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎለታል። እሱ የሚናገረው የኦሮሚያው ተቃውሞ የተቀሰቀሰበትን ወቅት ነው፤ በፈረንጅ 2015 ማብቂያና 2016 መግቢያ። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት (2:00 AM) ነው። የመንግሥቱ ጠበቃ የሰብዓዊ መብት ሪፖርቱን ይገልጥና «በ2008 እዚያ ምን ሰልፍ ነበር?» ይለዋል። ሰውየው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ሌላ ቀን ይናገራል። በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ዳኛው የታሪኩን እምብርት በማይነካ ልዩነት እንኳ ተነስቶ «አላመንኩህም» እንዲል ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ እውነተኛው እስር፣ እውነተኛው ጠባሳ ምን ያደርግለታል?

አንቺ ይህን ስህተት በአንድ እይታ ትይዣለሽ። ከሰውየው ስም ቀጥሎ ያለው የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን፣ አባትና ልጅ በፓስፖርታቸው ላይ የተለያየ የመጨረሻ ስም እንደሚኖራቸው ለማንም ማስረዳት አያስፈልግሽም። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ ፈላጊው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ግን አማርኛሽ ብቻውን ወጥመድም ነው። ቋንቋ የምትችል ልጅ ሁልጊዜ አስተርጓሚ ሆና ትቀራለች፤ ጠበቃው ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሕጉን የሚማረው እሱ ነው። ድርጅት ስትገቢ ከመጀመሪያው ቀን «ፋይል ስጡኝ» በይ።

በዚህ ሥራ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ከቆየሽ በኋላ ለሕግ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመትና ከባድ ብድር ልታወጪ ይገባሻል ወይ የሚለውን ራስሽ ትመልሺዋለሽ። አንዳንዱ ሙሉውን ፈቃድ አግኝቶ በዚያው ይቀራል፤ ምንም ነውር የለውም። የሚቀጥለው ደግሞ ሕግ ትምህርት ቤት ሲያመለክት የሚጽፈው ድርሰት ከሌላው አመልካች የተለየ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚያወራው ስላየው ነገር ነው።

ሕግ ትምህርት ቤት ከገባሽ፣ ገንዘቡን በጥንቃቄ አስቢ። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው ሙሉ ወጪ የሚሸፍነው የፌዴራል ብድር ቀርቷል፤ የሕግ ተማሪ በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ነው ከመንግሥት የሚበደረው። ውድ ትምህርት ቤቶች ከዚህ በላይ ያስከፍላሉ፤ ልዩነቱን የግል ባንክ ይሞላዋል፣ ባንኩ ደግሞ እንደ መንግሥቱ አይታገስም። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሙሉ ጊዜ እየሠሩ 120 ክፍያ የከፈሉ ሰዎች ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። ነገር ግን በ2025 ማብቂያ ላይ የትምህርት ሚኒስቴሩ አንዳንድ ቀጣሪዎችን ከዚህ ለማስወጣት የሚያስችለውን ደንብ አውጥቷል፤ ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ የኢሚግሬሽን ሕግን መጣስ መርዳት ነው። ስለዚህ ብድሩ ይሰረዝልኛል ብለሽ ዕቅድሽን እሱ ላይ ብቻ አትሥሪ።

ነጻ ትምህርት ሲሰጡሽም ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቢ። አንዳንዱ ስኮላርሺፕ አማካይ ውጤትሽ ከተወሰነ ነጥብ ከወረደ የሚነጠቅ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ እርስ በርስ እየተነጻጸሩ ስለሚታረሙ የግድ የሚወርድ ይኖራል። ትምህርት ቤቶቹ ስንት ተማሪ ስኮላርሺፕ እንደተቀነሰበትና ስንቱ ባር እንዳለፈ በየዓመቱ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ሳታዪ አትፈርሚ። በዙሪያሽ ካሉት የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፤ ተማሪው ሁሉ በሕግ ክሊኒክ ውስጥ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ እንዲሠራም ያስገድዳል። ጆርጅታውን ተማሪዎች የአሳይለም ጉዳይ ይዘው የሚከራከሩበት የታወቀ ክሊኒክ አለው። ስሙ ከገነነው ትምህርት ቤት ይልቅ ክሊኒኩ ጥሩ የሆነውንና በትንሽ ዕዳ የሚያስመርቅሽን ምረጪ፤ ደንበኞችሽ የት ተማርሽ አይሉሽም።

ከኮርሶቹ የአስተዳደር ሕግን አትዝለዪ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024፣ ፍርድ ቤቶች ግልጽ ባልሆነ ሕግ ላይ የመሥሪያ ቤቶችን አተረጓጎም እንዲቀበሉ የሚያደርገውን የቆየ አካሄድ ከሻረ ወዲህ፣ የኢሚግሬሽን ክርክር በፌዴራል ፍርድ ቤት አዲስ ገጽ ይዟል። የወንጀል ሕግም እንደዚያው ነው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓዲያ በተባለ ከአርባ ዓመት በላይ ሕጋዊ ነዋሪ በነበረ ሰው ጉዳይ፣ ተከላካይ ጠበቃ ደንበኛውን «ጥፋተኛ ነኝ ብትል ከአገር ልትባረር ትችላለህ» ብሎ የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ይህን ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ይቀጠራሉ፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ አዲስ ተመራቂ ሊገባበት የሚችል ሥራ ነው። ሌላም ልጨምር፦ የእኛ ሰው ኢሚግሬሽን ሲባል አሳይለም ብቻ ይመስለዋል። ለኩባንያ ሠራተኛ የሚያስመጡ፣ ለሆስፒታል ሐኪም የሚያስገቡ ጠበቆች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚከፈላቸውም እነሱ ናቸው። የባር ፈተናውንም በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ወደ አዲሱ ኔክስትጄን ፈተና ስለምትሻገር የድሮ መለማመጃ መጻሕፍት በቅናሽ ሲሸጡ አይተሽ አትግዢ።

ስለ ፖሊሲው አጭር ልሁን፤ ሌላ ሙያ ስለሆነ። ሁለቱንም እሠራለሁ የሚል ብዙ ነው፣ የሚሠራው ጥቂት። ጠበቃ የሚያገለግለው ፊቱ ያለውን አንድ ሰው ነው፤ የዚያ ሰው ጥቅም ከጠቅላላው ፖሊሲ ጋር ቢጋጭ እንኳ ከእሱ ጋር ይቆማል። ፖሊሲ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሕጉ ለስንቱ እንዲህ ሆነ፣ ወጪው ስንት፣ ቢለወጥ ማን ይጎዳል እያለ ነው የሚውለው። ስታቲስቲክስ አትዝለዪ ያልሁሽ ለዚህ ነው። የምክር ቤት አባላት ቢሮ፣ ዋሽንግተን ያለው የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ዓይነት የጥናት ተቋም፣ የመብት ድርጅቶች የሚፈልጉት ሠንጠረዥ የሚያነብና ሁለት ገጽ በጥራት የሚጽፍ ሰው ነው። ጄዲ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የሁለት ዓመት የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ይበቃል።

ይስብሽ እንደሆነ ለማወቅ ከቤትሽ ሳትወጪ መሞከር ትችያለሽ። ከ1946 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን አዲስ ደንብ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን አውጥተው የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ፤ ማንም ሰው፣ ዜጋ ያልሆነም፣ መጻፍ ይችላል። አንድ የኢሚግሬሽን ረቂቅ ፈልጊ፣ ከነማብራሪያው አንብቢው፣ ሦስት ገጽ አስተያየት ጽፈሽ አስገቢ። በማንበቡ መሀል እንቅልፍ ከወሰደሽ መልሱን አግኝተሻል። ከወደድሽው ደግሞ ለሥራ ስታመለክቺ የምታሳዪው የጽሑፍ ናሙና ይሆንሻል። የአፍሪካው ወገን ካጓጓሽም የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ መሆኑን አትርሺ፤ የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2019ም ከሱ ጋር አብሮ የሚነበብ ነው። አማርኛ ማንበብሽ እዚያ ላይ ብዙዎች የሌላቸው ዕድል ነው።

ስለ ሥራው አስቸጋሪነት ማስዋብ አልፈልግም። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ደመወዛቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ከፌዴራል በጀት ጋር የታሰሩትም አስተማማኝ አይደሉም። በ2025 መጀመሪያ ስደተኞችን ተቀብሎ የማስፈሩ ፕሮግራም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲቆም በዚያ ዘርፍ ብዙ ሠራተኛ ተሰናብቷል። ቀን ሙሉ የሰው ሥቃይ ስትሰሚ ውለሽ ማታ ቤት ስትገቢ አክስትሽ የሰፈር ሰው ጉዳይ ይዛ ትጠብቅሻለች፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወረቀት ያወጡልሻል። «ቢሮ ይምጡ» ማለትን ከአሁኑ ልመጂ። ፈቃድ እስክታገኚ ድረስ ደግሞ መልስሽ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ወደተመዘገበ ድርጅት መምራት ብቻ።

እንግዲህ በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገው ይኼ ነው። በዚህ ሳምንት ከፎርም ሥራው እወጣለሁ፣ ትርጉሙን አስቀጥላለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ የስታቲስቲክስና አንድ ብዙ የሚያስጽፍ ኮርስ እወስዳለሁ፤ ከዚያ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በተቻለ መጠን ያለ ብድር እጨርሳለሁ። ከተማሪነቴ ጎን በሳምንት አንድ ቀን በተመዘገበ ድርጅት በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ፤ ስመረቅ እዚያው ወይም ሌላ ዘንድ ተቀጥሬ ከፊሉን ፈቃድ አወጣለሁ። ለኤልሳቱ የምቀመጠው ቢያንስ አንድ ዓመት ፋይል ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ የፈተናው አዘጋጅ ክፍያውን ስለሚያነሳልሽ ያን አስቀድመሽ ጠይቂ። ዛሬ ማታ ግን አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለብሽ፤ የተመዘገቡትን ድርጅቶች ዝርዝር ከፍተሽ ለሦስቱ አጭር ደብዳቤ መጻፍ። አማርኛ እንደምታነቢና እንደምትጽፊ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጪው።